ራፐር በገዛ ሙያው እስከ መቼ እንግዳ ይሆናል?

በኢትዮጵያ ዘፈን ውስጥ ራፐር የሚገባበት ሰዓት የታወቀ ነው። ዘፋኙ ሁለት ቤት ይዘፍናል፣ አዝማቹ ሁለት ጊዜ ይዞራል፣ ከዚያ ምቱ ትንሽ ቀዝቀዝ ይልና አንድ ወጣት ብቅ ይላል። ስምንት መስመር፣ ቢበዛ አሥራ ስድስት መስመር ይሰጠዋል። አዝማቹ ሲመለስ እሱ ተረስቷል። ክሊፑ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ የሰው መኪና ተደግፎ ይታያል። ስሙ ከዘፋኙ ስም ቀጥሎ፣ በትንሽ ፊደል፣ «ፊቸሪንግ» ከምትለው ቃል ኋላ ይጻፋል። ሐዋሳ ውስጥ ከመናኸሪያ አቶቴ በሚመላለስ ባጃጅ በቀን አሥር ጊዜ የሚሰማው ራፕ ይኸው ነው። በሌላ ሰው ዘፈን ውስጥ የተከራየ የሁለት ስንዝር ቦታ።

ይህ ልጅ አርባ ደቂቃ ቢሰጠው ምን ይል ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይባስ ብሎ «የራሴን አልበም እየሠራሁ ነው» ያለ ዕለት ምክር ይዘንብበታል።

«በዚህ ዘመን አልበም ማን ይሰማል? ነጠላ ዜማ ልቀቅ፣ ቲክቶክ ላይ ይዞርልሃል።»

«መጀመሪያ ከታወቀ ዘፋኝ ጋር ሥራ፣ ስምህ ይተከል።»

«እዚህ ምን ትሠራለህ? አዲስ አበባ ግባ።»

ሦስቱም ምክሮች በታላቅ ወንድም ድምፅ ነው የሚነገሩት። መካሪዎቹም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ምክሩ ማንን እንደሚጠቅም ግን ልብ ይባል። በየሳምንቱ አዲስ ነገር መልቀቅ ያለበት የዩቲዩብ ቻናል ነው፤ ነጠላ ዜማ ሲበዛ የሚጠቀመውም እሱ ነው። ስምንቷ መስመር ስትገባ ዘፈኑ «ዘመናዊ» የሚሆንለት ለዘፋኙ ነው። አዲስ አበባ ሲገባ የሚጠቀመው የቤት አከራዩ ነው። ከሦስቱ ምክሮች ውስጥ ራፐሩ ራሱ ተጠቃሚ የሚሆንበት አንድም የለም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። አልበም ሞቷል ወይ?

ኢትዮጵያ ውስጥ አርቲስት የሚመዘገበው በአልበሙ ነው። በካሴት ዘመን ሰው «የአስቴር አዲሱ ካሴት»፣ «የኤፍሬም የዚያን ጊዜው ካሴት» እያለ ዓመት ይቆጥርበት ነበር፤ የትኛው ክረምት ላይ እንደወጣ፣ ያኔ ማን ከማን ጋር እንደነበረ ይታወሳል። ካሴቱ ሄደ፣ ሲዲው ሄደ፣ ልማዱ ግን አልሄደም። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ አልበም የሚጠበቀው ዛሬም ነው። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ»ን ሲያወጣና አልበሙ የቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሲወጣ፣ ሰው ለሳምንታት ያወራው ስለ አንድ ነጠላ ዜማ አልነበረም። በዓመቱ ደግሞ ሮፍናን «ነጸብራቅ»ን ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት የሚታወቀው በዲጄነቱ ነበር። ዲጄ ማለት በሰው ዘፈን ሰው የሚያስጨፍር ማለት ነው። አንድ አልበም ከመጋረጃ ኋላ አውጥቶ መሐል መድረክ ላይ አቆመው። አንድ ነጠላ ዜማ ይህን ሊያደርግለት አይችልም ነበር፤ አንድ ጥሩ ዘፈን አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ ተከታትለው የመጡ አሥር ዘፈኖች ግን አጋጣሚ ናቸው ብሎ የሚከራከር የለም።

ራፑም ቢሆን ምሳሌ አላጣም። ቴዲ ዮ በ«ጉራጌቶን» የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አጋብቶ፣ ስሙንም በሬጌቶን ላይ ቀልዶ፣ ይህ ነገር የተዋስነው ልብስ ብቻ ሆኖ መቅረት እንደሌለበት አሳየ። ልጅ ሚካኤል «ዛሬ ይሁን ነገ» ብሎ አልበም አወጣ። ካስማሰ «ማለዳ»ን አወጣ። ሰው ሥራቸውን ይውደደው ወይም አይውደደው፣ በአማርኛ ራፕ የሚያደርግ ሰው አንድ አልበም ሙሉ አድማጭ ይዞ መቆየት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በእነዚህ ሰዎች ተመልሷል። ዛሬ ሐዋሳ ላይ ተመልሶ የሚጠየቀው ለምንድን ነው?

ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰሜን ሻሸመኔ አለች። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ ራስታዎች የሰፈሩባት ከተማ። ሬጌ ለዚህ አካባቢ የሩቅ አገር ሙዚቃ ሆኖ አያውቅም። ግን አማርኛ ውስጥ ቤት ሠርቶ የተቀመጠው እንዴት ነበር? በእንግድነት አልነበረም። እዮብ መኮንን «እንደ ቃል» ብሎ ሙሉ አልበም በስሙ አወጣ። ኃይሌ ሩትስ ችክችካን ከሬጌ ጋር አዋህዶ «ቺጌ» የሚል ስም ሰጠውና በዚያው ስም አልበም ሠራ። ሰው ሬጌን በአማርኛ ለመደው፣ ወደደው፣ እዮብ በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሲሞት አገር አለቀሰለት። የሬጌ ዘፋኝ በሌላ ሰው ዘፈን መሐል ገብቶ ስምንት መስመር «ያ ማን» ብሎ ቢወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። ራፑ ግን እዚያው «ያ ማን» ላይ ቆሟል።

ወደ ሁለተኛው ምክር። ከታወቀ ዘፋኝ ጋር ሥራ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አበው። እርግጥ ነው፣ በሌላ ሰው ዘፈን መግባት ነውር የለውም። ሁሉም የጀመረው እንዲያ ነው። የኒው ዮርኩ ናስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሜይን ሶርስ የተባለ ቡድን ዘፈን ላይ ገብቶ አንድ ቤት ብቻ ነበር የሰጠው፣ ያኔ ገና የአሥራዎቹ ልጅ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ግን የራሱን «ኢልማቲክ» አወጣ። ሃያ ዓመቱ ነበር። መግቢያውን ጨምሮ አሥር ክፍል፣ አርባ ደቂቃ የማትሞላ አልበም። ከእሱ ሌላ ራፕ ያደረገ እንግዳ አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቱ የጃዝ ሙዚቀኛ ነበሩና በአንዱ ዘፈን መጨረሻ ላይ ኮርኔት ነፉለት። አልበሙ ስለ ዓለም አልነበረም፤ ስለ ኩዊንስብሪጅ ነው፤ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ስለተደረደሩበት ስለ አንድ ሰፈር። በአንድ ቤት ግጥም ከመጋበዝ የራሱን አልበም እስከማውጣት ሦስት ዓመት ፈጀበት። እኛ ዘንድ ሰባትና ስምንት ዓመት በሰው ዘፈን ሲዞሩ የኖሩ፣ ድምፃቸውን ሁሉም የሚያውቀው፣ ስማቸውን ግን ማንም የማያስታውሰው ስንት ናቸው?

ነገሩ የክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ግን የገንዘብና የሕግ ጉዳይም ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ልጁ ስቱዲዮ ይጠራል። ቢቱ ይከፈትለታል፣ እዚያው ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ይቀዳል፣ «ለትራንስፖርት» ተብሎ የሆነ ብር ኪሱ ይገባል፣ ይወጣል። ወረቀት የለም። ዘፈኑ ሚሊዮን ጊዜ ከታየ በኋላ «የኔስ ድርሻ?» ብሎ ቢጠይቅ «እንዴ! ወንድሜ አይደለህ እንዴ?» ይባላል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ የግጥም ደራሲን መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የኢኮኖሚ መብት ለሌላ ሰው የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው ይላል። እስከዚህ ድረስ ለራፐሩ መልካም ነው። ያው አዋጅ ግን በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመጀመሪያው የመብት ባለቤት አሠሪው ወይም አዛዡ እንደሆነም ይደነግጋል። እንግዲህ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የጻፈው ልጅ ወረቀት ከሌለው፣ ዘፋኙ ደግሞ «እኔ ነኝ ጠርቼ ያሠራሁት» ካለ፣ ክርክሩ ወዴት እንደሚያጋድል ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። የሃያ ዓመት ልጅ ሰባ ዓመቱ ድረስ ቢኖር ያቺ ስምንት መስመር መቶ ዓመት ሙሉ በሕግ የምትጠበቅ ንብረት ናት። የተሸጠችው በባጃጅ ኪራይ ነው።

በራሱ አልበም ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አዛዡ እሱ ይሆናል። ቢት የሚያሠራው፣ ዘፋኝ ለአዝማች የሚጠራው፣ ውል የሚያስፈርመው እሱ ነው። ለዚህ ነው የራስ አልበም ጉዳይ የዝና ጥማት ተደርጎ ሲቀለድበት ልክ የማይሆነው። መጀመሪያ የባለቤትነት ጉዳይ ነው።

«ከጓደኞቹ ተለይቶ ለብቻው ወጣ፣ ከዳን» የሚለውም ወሬ ከዚሁ አለመዋዋል የሚመጣ ነው። የሰፈር ልጆች ይሰባሰባሉ፣ ለቡድናቸው ስም ያወጣሉ፣ አንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ማይክ ተክለው ሁለት ዓመት ይሠራሉ። አንዱ የራሱን አልበም ልሥራ ሲል ቡድኑ ይፈርሳል፣ ከዚያም በዘፈን መሰዳደብ ይጀመራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ዉ-ታንግ ክላን ዘጠኝ ሆነው ሲጀምሩ ይህን አስበውበት ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ፣ መሪያቸው ሪዛ ከላውድ ሪከርድስ ጋር የተዋዋለው ቡድኑን በሚመለከት ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ አባል ለብቻው ወደፈለገው ኩባንያ ሄዶ የራሱን አልበም እንዲፈርም ነፃ ሆነ። መቶድ ማን በ1994 እ.ኤ.አ. ከዴፍ ጃም ጋር አወጣ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ኦል ደርቲ ባስታርድ፣ ሬክዎንና ጂዛ የየራሳቸውን አወጡ፤ በዓመቱ ጎስትፌስ ተከተለ። ከየአቅጣጫው የወጣው አልበም ሁሉ የቡድኑን ስም ይዞ ነው የዞረው። ማንም ማንንም አልከዳም፣ አስቀድሞ ተጽፎ ነበርና። በተቃራኒው አይስ ኪዩብ ኤን ደብሊው ኤ የተባለውን ቡድን በ1989 እ.ኤ.አ. ጥሎ የወጣው በክፍያ ምክንያት ነው። ብዙውን ግጥም የጻፈው እሱ ነበር፣ የደረሰው ገንዘብ ግን አልተዋጠለትም። በማግስቱ ዓመት የራሱን አልበም አወጣ፣ ከዚያም ስድድቡ ለዓመታት ቀጠለ። የሐዋሳ ቡድኖች ከሁለቱ መንገዶች አንዱን መምረጥ ይችላሉ። አሁን እየሄዱ ያሉት በሁለተኛው ነው፣ ያውም አይስ ኪዩብ ያገኘውን ገንዘብ ሳያገኙ።

ሦስተኛው ምክር። አዲስ አበባ ግባ።

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባ ራፐር በዓመቱ ስለ ቦሌ ነው የሚያወራው። እሺ፣ ቦሌን የሚያወሩ ሞልተዋል። ሐዋሳን ማን ያውራት?

ሐዋሳ በክሊፕ ላይ በደንብ ትታወቃለች። ሐይቁ አለ፣ አሞራ ገደል አለ፣ ጀልባው አለ፣ ታቦር ተራራ ላይ ቆሞ ከላይ የሚቀርጽ ድሮን አለ። ዘፋኞች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ሁለት ቀን ይቀርጻሉ፣ ዓሣ በልተው ይመለሳሉ። ከተማዋ መጋረጃ ናት። ነዋሪዎቿ ከመጋረጃው ኋላ ምን እንደሚሉ በሙዚቃ የተመዘገበ ነገር ቢፈለግ ግን እጅ የሚሞላ አይገኝም።

የሚነገር ነገር ጠፍቶ ነው? ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. እዚህ ከተማ ነበር። 11/11/11 ተብሎ የሚታወሰው ቀን፤ ጎማ የተቃጠለበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ በከተማውም በዙሪያውም ሰው የሞተበት ሳምንት። አራት ወር ቆይቶ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ ሲዳማ ክልል ሆነ፣ ሐዋሳ ዋና ከተማው ሆነች። ያኔ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበረ፣ በር ተዘግቶበት በመስኮት ጭስ ያየ፣ ወይም ደስታውን ለመግለጽ አደባባይ የወጣ፣ ዛሬ ማይክ የያዘው እሱ ነው። ሁለቱንም ያየ ትውልድ ነው። ያየውን «ውዴ ነይልኝ» በሚል ዘፈን ሦስተኛ ደቂቃ ላይ እንዴት አድርጎ ይናገረው? ስምንት መስመር ለዚህ አይበቃም። አሥራ ስድስትም አይበቃም። እንዲህ ያለ ነገር መግቢያ ይፈልጋል፣ መሐል ላይ ዝምታ ይፈልጋል፣ አንዱ ዘፈን የተናገረውን ሌላው ዘፈን እንዲቃወመው ይፈልጋል። አልበም ይፈልጋል።

የኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቆ፣ ከየገጠሩ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች በሺዎች ወደ ከተማዋ ገቡ። ለአራት ለአምስት አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በፈረቃ እየተኙ፣ ሸሚዝ ለአሜሪካ ሲሰፉ ኖሩ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ ስታስታውቅ፣ የፓርኩ ትልቅ ስም የነበረው ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት ሐዋሳ ውስጥ የአንዲትን ልጅ የቤት ኪራይ ሲያስቀር ያየ ከተማ ነው። ይህን ታሪክ ዜና ተናግሮታል፣ የጥናት ወረቀት ተናግሮታል። ራፕ አልተናገረውም፤ ደግሞ ራፕ የተፈጠረው እንዲህ ያለውን ለመናገር አልነበረም ወይ? (ልብ ያለው ካለ፣ ይህን አልበም መሥራት ያለባት ሴት ናት። ሐዋሳ ውስጥ ራፕ የሚያደርጉ ሴቶች ግን «ለፊቸሪንግ» እንኳን ሲጠሩ እምብዛም አይታዩም፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

የቋንቋውም ጉዳይ የሚፈታው በአልበም ነው። ሐዋሳ ውስጥ በሲዳምኛ ራፕ ያደረገ ልጅ «ገበያ የለውም» ይባላል። በአማርኛ ያደረገው ደግሞ «የራስህን ትተህ» ይባላል። ወላይትኛ የሚናገረው ዝም ቢል ይሻላል። ነጠላ ዜማ የሚለቅ ሰው በእርግጥም መምረጥ አለበት፤ አንድ ዘፈን አንድ ቋንቋ ነው፣ አንዱን ሲመርጥ በሌላው ይከሰሳል። አሥር ዘፈን ያለው ሰው ግን መምረጥ የለበትም። በቤቱ በሲዳምኛ፣ በትምህርት ቤት በአማርኛ፣ ከጎረቤቱ ጋር በወላይትኛ የሚኖር ልጅ እንደሚኖረው ሊዘፍን ይችላል። አልበም ላይ ሦስቱ ቋንቋዎች ጎረቤት ሆነው ሲቀመጡ ማንም «የትኛው ነህ?» ብሎ ሊያፋጥጠው አይችልም፤ መልሱ ዘፈኖቹ ውስጥ ነውና።

ምቱስ? በዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የተመዘገበው ፊቼ ጨምበላላ በየዓመቱ ጉዱማሌ ላይ ሲከበር ቄጣላውን የሰማ ሰው፣ አንዱ ጥሎ ብዙው ሲቀበል፣ እግር መሬት ሲመታ፣ ለራፕ ይህ ሁሉ ሩቅ ነው ብሎ አያምንም። ሽማግሌዎቹም አፊኒ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ነገር የሚጀመረው መደማመጥን በማረጋገጥ ነው፤ ተናጋሪው እስኪጨርስ ይሰማል፣ ከዚያ ይመከርበታል። በዚህ ባህል ያደገ ከተማ የራሱን ልጅ ስምንተኛው መስመር ላይ «በቃህ» ይለዋል።

ለሌሎቹ ይህን ያህል ከተባለ ራፐሮቹም የሚነገራቸው አለ።

አሥራ ስምንት ዘፈን ያለው፣ አሥራ አንዱ ላይ ዘፋኝ የተጋበዘበት አልበም የራስ አልበም አይባልም። ድግስ ነው። ደጋሹ ራሱ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲቀበል ያመሸበት ድግስ። «ያለ ዘፋኝ አይሰማም» የሚል ፍርሃት ካለ፣ ያ ፍርሃት አልበሙ ውስጥ ይሰማል። ሰባት ጥሩ ዘፈን ይበቃል። ናስ በአርባ ደቂቃ የጨረሰውን ማንም አርባ አምስት ደቂቃ ቢሰጠው ቅር አይለውም።

ከዩቲዩብ ላይ በነፃ የወረደ የአሜሪካ ቢትም አለ። አንዱ ቢት በናይሮቢም፣ በሌጎስም፣ በአቶቴም ሲዘፈንበት ይገኛል። የራሱ ታሪክ ያለው ሰው ለምን የሌላ ሰው መቶ ጊዜ የለበሰውን ይለብሳል? ደግሞስ «ነፃ» የተባለው ቢት አብዛኛውን ጊዜ ነፃ የሚሆነው ገንዘብ እስኪመጣ ነው፤ ገንዘብ ሲመጣ ባለቤቱ ይመጣል።

ለብቻ መውጣት ብቻን መሥራት ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ሎረን ሂል ከፉጂስ ወጥታ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣችው አልበም በማግስቱ ዓመት የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ አሸነፈ፣ በዚያች ሌሊት አምስት ሽልማት ይዛ ወጣች። አብረዋት የሠሩ አራት ሙዚቀኞች ግን የድርሻችን ስም አልተጻፈልንም ብለው ፍርድ ቤት ወስደዋት ነበር፤ ነገሩ በ2001 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀ። ትናንት «ስሜ በትንሽ ፊደል ተጻፈ» ብሎ ያለቀሰ ራፐር ዛሬ አልበሙ ላይ የቢት ሠሪውን ስም ጭራሽ ካልጻፈ፣ የተለወጠው ተበዳዩ ብቻ ነው። ያቺ መኝታ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ሲያስተካክል ያደረ ልጅ ስም አለው። ውልም ይገባዋል።

ከተማውስ?

ሐዋሳ የቱሪዝም ከተማ ነኝ ትላለች፣ ናትም። ሆቴሎቹ በየሳምንቱ መጨረሻ ባንድ ያቆማሉ፣ በዓል ሲመጣ ከአዲስ አበባ ዘፋኝ ያስመጣሉ፣ ለትኬትም ለማረፊያም ይከፍላሉ። የከተማው ልጅ የሚጠራው ሰው ገና ሳይገባ፣ ቴክኒሻኑ ድምፅ እየሞከረ ሳለ «ለማሟሟቅ» ነው። ክፍያው «ዕድል ሰጠንህ» የሚል ቃል ነው። በዕድል የስቱዲዮ ኪራይ አይከፈልም። አንድ ሆቴል በወር አንድ ምሽት ለከተማው ራፐሮች ሰጥቶ፣ መግቢያውን አስከፍሎ፣ ግማሹን ለእነሱ ቢተው ምን ይጎድልበታል? ኤፍ ኤሞቹስ በሳምንት አንድ ሰዓት አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆርጡ ቢያሰሙ፣ ማስታወቂያ ነጋዴው ይሸሻል? ይህ ሁሉ በጀት አያስፈልገውም፤ ባህል ቢሮ ስብሰባ እስኪጠራ መጠበቅም አያስፈልገውም።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው አድማጩ ነው፤ ይህን ጽሑፍ በዚህ መተግበሪያ የሚያነበውም ጭምር።

በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስ፣ ጆኒ ራጋና ጓደኞቻቸው አውታር የተባለ መተግበሪያ ሲያቋቁሙ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሰው ዘፈን በስልኩ በጥቂት ብር ይግዛ፣ ብሩም ለሠራው ሰው ይድረስ። ኤልያስ በወራት ውስጥ፣ በ2012 ዓ.ም. መስከረም፣ አረፈ። ከእነሱ በኋላም ሌሎች መጥተዋል፣ ሰዋሰውን የመሰሉ። መክፈያው አሁን ቴሌብር ሆኖ እጅ ላይ አለ፤ ማኪያቶ የሚከፈልበት ስልክ አልበም ሊከፈልበት አይችልም የሚል ሰው ካለ ማኪያቶውን በስንት እንደጠጣ ይጠየቅ።

ግን ምን ይሆናል? አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ይሠራል፣ የእናቱን ዕቁብ ሳይቀር ይበደራል፣ አልበሙ አርብ ማታ ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ የቴሌግራም ቻናል አሥራ ሁለቱንም ዘፈን ከሽፋኑ ፎቶ ጋር ደርድሮ ይለቀዋል፣ ከሥር «ሼር ያድርጉ፣ ቻናላችንን ይቀላቀሉ» ይላል። አርባ ሺህ ሰው ያወርዳል። ከአርባ ሺው ውስጥ «የሐዋሳ ልጅ እኮ ነው፣ እንኮራበታለን!» ብሎ አስተያየት የሚጽፈው አይጠፋም። ሰኞ ጠዋት ልጁ ያን አስተያየት ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ያነበዋል፤ ስልኩን ሳያስቀምጥ ሌላ መልእክት ይገባል፣ ከአንድ ዘፋኝ ነው፦ «ወንድሜ፣ አንድ ስምንት መስመር ትሰጠኛለህ?»